ፊቷን የማታሳየው ጎብኚ

መጀመሪያ የታየው ጫማው ነው። ሁለት ዓሣ አጥማጆች ከዴቪን ገደል ሥር፣ የሞራቫ ወንዝ ዳንዩብ ውስጥ ከሚገባበት ጥግ መንጠቋቸውን ጥለው ተቀምጠዋል። አንደኛው ሸምበቆው ውስጥ ሰማያዊ ጫማ አየ። ሰው የጣለው መስሎት በዱላ ሊገፋው ቢሞክር፣ ጫማው እግር ነበረው።

ኢንስፔክተር ቪልማ ሃላሶቫ ከብራቲስላቫ ስትደርስ ሰውየው ዱላውን እንደያዘ ነበር።

«ነክተኸዋል?»

«በዱላው ብቻ። በማርያም ነው የምልልዎት፣ በዱላው ብቻ።»

«እሺ፣ አስቀምጠው።»

ሰውየው ዱላውን ገና አሁን እንዳየው ሁሉ ደንግጦ ወንዝ ውስጥ ወረወረው።

«አስቀምጥ እንጂ ወርውር ማን አለህ!» ብሎ ጮኸ ሳጅን ኢግናጽ። ዱላው ግን የዳንዩብን ውሃ ይዞ ወደ ታች መንገዱን ጀምሮ ነበር።

ሟቿ ወደ ስልሳው የምትጠጋ፣ ሽበት የወረሰው ጠጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት። ፊቷ ከመፍረሱ የተነሳ የሚለይ አልነበረም። ከሸሚዟ ሥር፣ መንገደኞች ወገባቸው ላይ በሚታጠቋት ቀጭን ቦርሳ ውስጥ፣ ውሃ የጠጣ ፓስፖርት ተገኘ። ፊሎሜና ቴሼይራ፤ የፖርቱጋል ዜጋ፤ የፖርቶ ተወላጅ።

ኢግናጽ ከገደሉ ግርጌ እስከ ሸምበቆው ደጋግሞ ተመላለሰ። ቦርጫም ነው፤ ለዓመታት አብረው ስለሠሩ ቪልማን «አንቺ» ነው የሚላት።

«አለቃ፣ የወደቀችው እዚህ ነው። ቁጥቋጦው እንዴት እንደተሰባበረ እዪው። ከዚህ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ተጎትታለች። ሸምበቆው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተጣጥፏል። ከላይ የገፋት ሰው ወርዶ ሊደብቃት ሞክሯል።»

«ጉልበተኛ ነው ማለት ነው።»

«በሬ ነው እንጂ! እኔ እንኳን ባዶ እጄን ተራምጄው ትንፋሽ አጠረኝ።»

አስከሬን መርማሪው ሐኪም ከተንበረከከበት ቀና አለ። «ከሳምንት በላይ ሆኗታል። ሌላውን ከምርመራ በኋላ እነግራችኋለሁ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ተመልከቺ» አለና የሟቿን ቀኝ አንጓ አሳያት። የደፈረሰ ሰማያዊ ምልክት ዞሮበታል። «የጣት ምልክት ነው። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው። የወንድ ይመስለኛል።»

ቪልማ ወደ ላይ አየች። ከገደሉ አናት ባለው የጥንት ግንብ ፍርስራሽ ላይ ጎብኚዎች ጃንጥላ ዘርግተው ወደ ታች ያዩዋቸዋል። አንዱ ፎቶ አነሳቸው።

*

ፖርቶ ስልክ ያነሳችው የሟቿ ልጅ ግራሳ ነበረች። በእንግሊዝኛ ተግባቡ።

«እናቴ? ተሳስታችኋል» አለች ሳቅ ባልጠፋው ድምፅ። «እናቴ ፕራግ ናት። ትናንት ፎቶ ልካልኛለች።»

ቪልማ በሥራ ዘመኗ ለሞተ ሰው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ደውላለች፤ እንዲህ ያለ መልስ ግን ሰምታ አታውቅም።

«ፎቶዎቹን ልትልኪልኝ ትችያለሽ?»

ፎቶዎቹ ተራ በተራ መጡ። በመጀመሪያው ላይ ሁለት ሴቶች ብራቲስላቫ ውስጥ የበግ አይብ የፈሰሰበት የድንች ድብልብል ፊታቸው አድርገው ይስቃሉ። አንዷ ፊሎሜና ናት፤ ሌላዋ አጭር፣ ክብ ፊት ያላት ሴት። ከዚያ ቪየና፤ አረንጓዴ የዝናብ ካፖርት ኮፍያውን ደፍታ የለበሰች ሴት ከመዝናኛ ስፍራው ትልቅ መንኮራኩር ፊት ቆማለች። ከዚያ ቡዳፔስት፤ ያው ካፖርት ወንዙ ዳር። ከዚያ ፕራግ፤ ካፖርቱ ድልድዩ ላይ።

«ከብራቲስላቫ ወዲህ ያሉት ሁሉ ከጀርባ ናቸው» አለች ቪልማ።

«ፊቷን ፎቶ መነሳት አትወድ ይሆናል» አለ ኢግናጽ።

«ድብልብሉን ስትበላ ትወድ ነበር።»

ቪልማ መልሳ ደወለች። «ግራሳ፣ እናትሽ ሰውነቷ ላይ መለያ አላት?»

ሳቁ አሁን የለም። «ግራ ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና አድርጋለች። ጠባሳው ረጅም ነው። ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

ሐኪሙ አስከሬኑ ከተኛበት ጠረጴዛ ሆኖ ራሱን ላይ ታች ነቀነቀ። ቪልማ መናገር ያለባትን ተናገረች።

«ታዲያ» አለች ግራሳ፣ «ታዲያ ማን ነው የሚጽፍልኝ?»

*

አጭሯ ሴት ቦዤና ትባላለች። እሷና ፊሎሜና በልጃገረድነታቸው ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ ሆቴል አንሶላ እያጠቡ የተዋወቁ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በደብዳቤ፣ ኋላም በስልክ ተጠያይቀው ኖረዋል። አንድ ቀን ከተማ ለከተማ አብረን እንዞራለን ሲሉ አርጅተው፣ ዘንድሮ ፊሎሜና ጡረታ ወጥታ መጣች።

የቦዤና ቤት ከዳንዩብ ማዶ፣ ፔትርዣልካ፣ ተመሳሳይ ሕንፃዎች ከተደረደሩበት ሰፈር ነው። ገና ከማንኳኳታቸው የጎረቤት በር ተከፈተ።

«የለችም» አለች ወይዘሮ ፓቭላ የምትባለው ጎረቤት። «ከእንግዳዋ ጋር ሽርሽር ላይ ናት። ቪየና፣ ቡዳፔስት፣ ፕራግ! እኔን ማን ይወስደኛል?»

«አብረው ሲወጡ አይተዋል?»

«ቦዤናን አየኋት። ሁለት ሻንጣ ትጎትታለች። እንግዳሽስ ብላት ታክሲ ውስጥ ናት አለችኝ።»

«እንግዳዋንስ መጨረሻ መቼ አዩዋት?»

«በዋዜማው። እሁድ ነው። ዴቪን ልንወጣ ነው ብለው እየሳቁ ሄዱ። እነዚያ ሁለቱ ሲስቁ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ይንቀጠቀጣል። ቋንቋ እንኳን የላቸውም እኮ! ከሆቴሉ የተረፈ ስብርባሪ ጀርመንኛ ነው፣ የቀረው እጅ ነው።»

«ሌላ ሰው አልመጣም?»

ወይዘሮ ፓቭላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጇ ራዶቫን ጠዋት መጥቶ ጮኾባት ሄዷል። ያው… የዕፅ መርፌው ጎድቶታል። እሱን ግን እንዳትነኩብኝ፤ በነጋታው ማለዳ ራሷ ተራራው ላይ ያለው ማገገሚያ ወስዳ አስገብታዋለች። እሱን አድርሳ ተመልሳ ነው ሻንጣዋን ይዛ የወጣችው።»

«ጉልበት አለው?» አለ ኢግናጽ።

«የምን ጉልበት! አጥንት ነው የቀረው። በር ስትዘጋ ነፋሱ ይወስደዋል።»

ደረጃውን ሲወርዱ ኢግናጽ ጣቱን አጠፈ። «ቦዤና አጭር ናት፤ ልጁ አጥንት ነው። ያቺን ሴትዮ ከገደሉ እስከ ሸምበቆው የጎተተው ሌላ ሰው ነው፣ አለቃ።»

ቪልማም እንደዚያ አሰበች። ያንን ማሰቧ በኋላ ብዙ ቀን እንቅልፍ ነስቷታል።

*

ሌላውን ሰው ያገኘው ኢግናጽ ነው። በቪየናው ፎቶ ጥግ ላይ አንድ ባለ ነጭ ባርኔጣ ረጅም ሰው ቆሟል። በቡዳፔስቱም ላይ አለ።

«ሁለት አገር፣ አንድ ባርኔጣ» አለ ኢግናጽ። «ይከተላቸው ነበር።»

ጌዛ ይባላል፤ ሃንጋሪያዊ ነው፤ በዳንዩብ ላይ የሚመላለስ የጎብኚዎች መርከብ አስጎብኚ። መርከቡ ብራቲስላቫ ወደብ ሲቆም ጠብቀው ያዙት። እጁ አካፋ ያህላል። ኢግናጽ እጁን አይቶ ቪልማን ጎሸም አደረጋት።

«እነዚህን ሴቶች ታውቃቸዋለህ?» ቪልማ የድብልብሉን ፎቶ አሳየችው።

«አጭሯን አውቃታለሁ። ይቺን ሌላዋን አላየሁም።»

«በሁለት ከተማ አብረሃቸው ፎቶ ተነስተህ አላየሁም ትላለህ?» አለ ኢግናጽ።

«ከማን ጋር? አንዲት ሴት ናት እንጂ!» ጌዛ ባርኔጣውን አወለቀ። «ወደ ቪየና በመርከቡ ሄደች፤ ወደ ቡዳፔስትም በመርከቡ ወረደች። ሁልጊዜ ብቻዋን። አረንጓዴ ካፖርት ትለብስና፣ ያገኘችውን ሰው እባክህ አንሳኝ ትላለች፣ ከዚያ ጀርባዋን ትሰጣለች። የኔ እመቤት፣ ወደ እኛ ዙሪ እንጂ፣ ይህን ቆንጆ ፊት ለማን ደበቅሽው ብዬ ቀለድኩባት። ለሥራዬ የምቀልደው ነው።»

«ምን አለችህ?»

«ምንም። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሳቀች መስሎኝ አብሬያት ሳቅኩ። ዞር ስትል ታለቅሳለች።»

ፊሎሜና ዴቪን በወጣችበት እሁድ ጌዛ ቡዳፔስት ውስጥ፣ መርከብ ሙሉ አሮጊትና ሽማግሌ እየመራ ነበር። ሁሉም ባርኔጣውን አስታወሱት። ኢግናጽ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ፤ ይህ ብርቅ ነው።

*

ግራሳ በማግስቱ ብራቲስላቫ ገባች። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ የአገጯ አጥንት በአንድ ወገን ትንሽ የጎበጠ፣ ቀጭን ሴት ናት። አስከሬኑን አላሳዩአትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ቪልማ ቢሮ ተቀምጣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«መልእክቶቹን አንብቢልኝ» አለቻት ቪልማ። «የተለወጠ ነገር ካለ ንገሪኝ።»

«ከቪየና ወዲህ አጫጭር ሆኑ። ደክሟት ነው አልኩ።» ግራሳ በጣቷ ወደ ላይ ገፋች። «አንድ የሚያስቅ ነገር ነበር። አሁን የማያስቅ ሆነ እንጂ። ከቪየና ጀምሮ ‹እርስዎ› ትለኛለች።»

«ምን?»

«‹እርስዎ እንዴት ነዎት፣ ልጄ?› ትለኛለች። እኛ አገር እናት ልጇን እንዲህ አትልም። ከተማ አይታ ኮራችብኝ ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ እየነገርኩ ሳቅሁ።»

ቪልማ አልሳቀችም። የራሷ እናት መጦሪያ ቤት ናት። ከባለፈው ክረምት ወዲህ ቪልማ አልጋዋ ጎን ስትቀመጥ፣ አሮጊቷ ትሕትና በሞላው ድምፅ «እርስዎ ማንን ፈልገው ነው?» ትላታለች። ያ ቃል ከእናት አፍ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። እናትየው የለችም ማለት ነው።

«ኢግናጽ፣ ስልክህ ላይ በእኛ ቋንቋ ‹እንዴት ነሽ፣ ልጄ› ብለህ ጻፍና ወደ ፖርቱጋልኛ አስተርጉመው።»

ኢግናጽ በወፍራም ጣቱ ጻፈ። ስልኩን ለግራሳ ሰጣት። ግራሳ አነበበችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እርስዎ ይላል።»

የምትጽፈው ቦዤና ናት፤ የሚተረጉምላት ስልክ ነው፤ ስልኩ ደግሞ እናትና ልጅ አያውቅም።

«አሁን ከባድ ነገር ልጠይቅሽ ነው» አለች ቪልማ። «የት እንደምትሆን ጠይቂልኝ። እንደ ልጇ ሆነሽ።»

«ልጇ አይደለሁም።»

«እናትሽ እንደሆነች አድርገሽ።»

ግራሳ ስልኩን አነሳች። ከዚያ እየቃተተች ጻፈች። «እማዬ፣ ነገ ጠዋት የት ነሽ? ካርታ ላይ ልከተልሽ።»

መልሱ ብዙም አልቆየ። «ድልድዩ ላይ እሆናለሁ፣ የኔ ልጅ። እርስዎ ምሳዎን ይብሉ።»

ግራሳ ስልኩን ገፋ አድርጋ፣ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች።

*

ፕራግ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ነበር፤ የአሮጌው ድልድይ የድንጋይ ሐውልቶች እስኪሞቁ ድረስ። ከዚያ ሁሉ ሸሚዝና ቁምጣ መካከል የዝናብ ካፖርት የለበሰች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። የፕራግ ፖሊሶች ሁለቱን ጫፍ ይዘው ቪልማን ብቻዋን ለቀቋት።

ቦዤና ስልኩን ይዛ ፎቶ የሚያነሳላት ሰው ትፈልጋለች።

«እኔ ላንሳዎት» አለች ቪልማ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሃው እንዲታይ አድርጊልኝ።» ስልኩን ሰጥታ ዞረች። ኮፍያውን ደፋች።

«ወደ እኔ ይዙሩ።»

«አይ፣ ከጀርባ ይሻለኛል።»

«ወይዘሮ ቦዤና፣ ወደ እኔ ይዙሩ።»

ቦዤና ዞረች። ክብ ፊቷ በሳምንት ውስጥ ሟሽሾ ቆዳው ወርዷል። አልሸሸችም። የድልድዩን ድንጋይ ተደግፋ ቁጭ አለች።

«አገኛችኋት?»

«አገኘናት።»

«ወንዙ ይወስዳታል ብዬ ነበር» አለች ቦዤና። «ዛሬ ይህን ካፖርት ወንዙ ዳር ትቼው ልሄድ ነበር። ፕራግ ላይ ጠፋች እንዲባል።» ከዚያ ቶሎ ብላ ጨመረች። «እኔ ነኝ የገፋኋት።»

«ለምን?»

«በቃ… ተጣላን።»

«በምን ቋንቋ?»

ቦዤና የካፖርቱን እጅጌ ጣቶቿ ላይ ሳበች።

«እጅዎን ያሳዩኝ።» እጇ የሕፃን እጅ ያህላል፤ በዕቃ ማጠብ የነፈሩ አጫጭር ጣቶች። «ፊሎሜና አንጓ ላይ የረጃጅም ጣት ምልክት አለ። ማንን ነው የሚሸፍኑት?»

«እኔ ነኝ አልኩሽ አይደል? ጻፊው! ምን ቸገረሽ? አንድ ሰው ትፈልጊያለሽ፣ ይኸው አንድ ሰው።» ቦዤና የቪልማን እጅጌ ያዘች። «ልጄ፣ እሱን አትበዪኝ። እሱ ስንት ዓመት እምቢ ሲለኝ ኖሮ ገና አሁን ነው ማገገሚያ የገባልኝ። አሁን ነው መዳን የጀመረው።»

ልጄ ያለችው ቪልማን ነው። ማንን እንደምትሸፍን ግን በዚያው ተናገረች። ፊሎሜና በቪየና፣ በቡዳፔስትና በፕራግ በሕይወት ከታየች፣ ማገገሚያ ውስጥ በሩ የተቆለፈበት ራዶቫን አልገደላትም ማለት ነው። ከተማ ለከተማ የተዞረው ለዚያ ነው።

*

ራዶቫን ማገገሚያው ግቢ ውስጥ፣ ጥድ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ቁመቱ ረጅም ነው፤ ጣቶቹም። ቀኝ ክንዱ አንገቱ ላይ በታሰረ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

«ትከሻህ ምን ሆነ?» አለች ቪልማ።

«ደረጃ ላይ ወደቅሁ።»

«እናትህ ፊሎሜናን ገደልኩ ብላለች።»

ሊስቅ ጀመረና አቋረጠው። «እናቴ? እናቴ ዝንብ ስትመታ ይቅርታ የምትል ሴት ናት።»

«እንዲህ ነው ያለችው።»

ራዶቫን ወደ ጥዱ አየ። ከዚያ ማንም ሳይገፋፋው ነገራቸው።

«ግንቡ ድረስ ተከተልኳቸው። እናቴ ጉልበቷን ስላመማት ከጫፉ በታች ደረጃው ላይ ቀርታለች፤ የእንግዳዋን ስልክና ካፖርት ይዛ ፎቶ ልታነሳት ወደ ላይ ታያለች። እንግዳዋ ጫፉ ጋ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች። እኔ ከኋላ መጥቼ ቦርሳዋን መነተፍኩ። ተከተለችኝ። ድንጋዩ ዝናብ ጠጥቶ ነበር። ተንሸራተተች።» በግራ እጁ የቀኙን አንጓ ያዘ። «ቦርሳውን ጣልኩና እጇን ያዝኩ። ‹ራዶቫን› አለችኝ። ስሜን ታውቅ ነበር። እናቴ ነግራት ይሆናል። ያዝኳት፣ ያዝኳት፣ ትከሻዬ ሲወልቅ ሰማሁት። ከዚያ እጄ ባዶ ሆነ።»

«ለምን ሰው አልጠራህም?» አለ ኢግናጽ።

«እናቴ ስልክ ይዛ ታች ቆማለች። ትጠራለች ብዬ ሮጥኩ። ቦርሳውን መልሼ አንስቼ ነው የሮጥኩት። እናቴ ያየችው እሱን ነው። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነኝ።»

«እጇን ስትይዝ አላየችህም?»

«ግንቡ ከልሏታል። በነጋታው በመኪና እዚህ ስታመጣኝ እስከ ተራራው ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አልተነፈስኩም። ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር። ጠብቄያት ነበር እኮ፣ እንድትጠይቀኝ።»

መኪናው ውስጥ ሲመለሱ የቪልማ ስልክ ጮኸ። ሐኪሙ ነው።

«ምርመራውን ጨረስኩ። ጎትቷታል ያላችሁትን ሰው መፈለግ ተዉት» አለ። «ማንም አልጎተታትም። ጥፍሮቿ ሥር ሣርና ጭቃ ሞልቷል፤ ክርኖቿ ተልጠዋል። ራሷ ናት። በክንዷ እየተሳበች ሸምበቆው ድረስ ሄዳለች። የአጥማጆቹ መንገድ በዚያ በኩል ስለሆነ ይመስለኛል።»

ቪልማ ኢግናጽን መኪናውን እንዲያቆም በእጇ ምልክት ሰጠችው።

«ምን ያህል ቆየች?»

«እስከ ማግስቱ ሳትቆይ አትቀርም።»

«ሰው ቢደርስላት ኖሮ?»

«ቪልማ…»

«ንገረኝ።»

«የተሰበረው ዳሌዋና እግሯ ነው። የሆድ ውስጥ መድማቱ ቀስ ያለ ነበር። ሆስፒታል ብትገባ ትተርፍ ነበር።»

ኢግናጽ ሰምቷል። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ለፊቱን አየ። «እኔ ነኝ ተጎትታለች ያልኩት» አለ። «ያንን ሣር እያየሁ።»

ቪልማም አይታው ነበር።

*

ቦዤና የምርመራ ክፍሉ ውስጥ የቀረበላትን ሾርባ አልነካችም። ራዶቫን ያለውን ቪልማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት። እጇን ይዞ እንደነበረ ስትሰማ ቦዤና ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣመረች፤ ለአንድ አፍታ ፊቷ እንደ ፎቶው በራ።

«ይዟት ነበር? የኔ ልጅ ይዟት ነበር?»

«ትከሻው እስኪወልቅ።»

«አየሽ! አየሽ፣ ልጄ ክፉ አይደለም ብዬሽ ነበር። አምላኬ… እኔ ደግሞ ገፋት ብዬ…» ከዚያ ብርሃኑ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። «ወዲያው ነው የሞተችው፣ አይደል? ከደረጃው ቁልቁል አየሁ። አልተንቀሳቀሰችም። ጠራኋት እኮ። ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብዬ ነው፣ ግን ጠራኋት። ወዲያው ነው፣ አይደል?»

ቪልማ ሌላ መልስ ፈለገች። ነገ የክስ ወረቀቱ ይነበብላታል፤ ከማያውቁት ሰው አፍ ትሰማዋለች።

«አይደለም» አለች። «እስከ ማግስቱ ቆይታለች። ወደ መንገዱ እየተሳበች ነበር።»

ቦዤና አልጮኸችም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ቀን የምትቆጥር ይመስላል።

«በማግስቱ ቪየና ነበርኩ» አለች። «አይስክሬም ገዛሁ። እሷ አይስክሬም ትወዳለች፣ ፎቶው ላይ እንዲታይ ብዬ። ሁለት ዓይነት አስጨመርኩበት። ከዚያ እንዳይጣል ብዬ በላሁት።»

ከዚያ ወዲያ ለማንም ቃል አልተናገረችም። ሴት ጠባቂ ልታስነሳት ብትሞክር ስላልተነሳች በወንበሩ ወሰዷት።

ራዶቫንን ከማገገሚያው አውጥተው ወደ ወህኒ ወሰዱት። እዚያ መርፌው ከውጭ ይልቅ ቅርብ እንደሆነ ከቪልማ ጀምሮ የማያውቅ የለም። ኢግናጽ ሌላ ቦታ ይቆይ ብሎ ማመልከቻ ጻፈ፤ ማንም አልመለሰለትም።

*

የአስከሬን ሣጥኑ አውሮፕላን ላይ በሚጫንበት ቀን ቪልማ ግራሳን አየር ማረፊያ አደረሰቻት። ቡና ይዘው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ሁለቱም አልጠጡትም።

«አንድ ያልሰጠኋችሁ መልእክት አለ» አለች ግራሳ። «አሁን ለምርመራችሁ የሚጠቅም አይመስለኝም።»

«ንገሪኝ።»

«እናቴ ቡዳፔስት ናት ብዬ በማስብበት ቀን ጻፍኩላት። ባሌ ዱዋርቴ ልመለስ ይላል፣ ምን ላድርግ አልኳት።» ግራሳ የጎበጠውን አገጯን ነካች። «ይህን የሠራው እሱ ነው። ያኔ በመጥረጊያ እንጨት እየደበደበች ከቤት ያስወጣችልኝ እናቴ ናት። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አይቷል።»

«ምን ብላ መለሰች?»

ግራሳ ማንበብ አላስፈለጋትም። «‹ሰው ብቻውን መኖር የለበትም፣ ልጄ። እኔ ብቻዬን ኖሬ አውቀዋለሁ። ይመልሱት።› ደጋግሜ አነበብኩት። ጉዞው ልቧን አራርቶት ነው አልኩ። እናቴ ይቅር ካለችው እኔ ማን ነኝ አልኩ።»

«እናትሽ አይደለችም የጻፈችው።»

«አሁንማ አውቃለሁ።»

«የት ነው ያለው?»

«ቤት ነው። ቁልፍ ሰጥቼዋለሁ።»

«አስወጪው» አለች ቪልማ። «ዛሬውኑ። እዚያ ላሉት ፖሊሶች እኔ እደውላለሁ፣ እኔ ራሴ…»

«የሚያስወጣልኝ ሰው እናቴ ነበረች» አለች ግራሳ።

ቪልማ ስለ ሕግ፣ ስለ መጠለያ፣ ስለ ስልክ ቁጥሮች ተናገረች። ግራሳ በአክብሮት ሰማቻት። ቁጥሮቹ የተጻፉባትን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የፖርቶ በረራ ሲጠራ ተነስታ ቪልማን አቀፈቻት፤ ሰውነቷ ከካፖርቷ በታች እንጨት ሆኖ ነበር።

መፈተሻው ጋ ስትደርስ ስልኳ ጠራ። ማን እንደሆነ አይታ ጥቂት ቆመች። ከኋላዋ ያሉት ሰዎች ሻንጣቸውን ገፋ ገፋ አደረጉ። አነሳችው፤ ድምፅዋ ቪልማ እስካሁን ሰምታው የማታውቀው ቀጭንና ፈጣን ድምፅ ሆነ። በፖርቱጋልኛ ስለነበረ ቪልማ ምን እንዳለች አልገባትም። ከፊቷ ግን ገባት፤ እሺ፣ እሺ፣ ዛሬ እገባለሁ፣ አይ ማንም አብሮኝ የለም ትል ነበር።

ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ሳጥኑ ውስጥ አኖረችና በባዶ እግሯ ወደ ውስጥ አለፈች።